ግማሽ ጥፋትና የመኪና ካሜራ

በአዲስ አበባ ከተማ ሁለት ተሽከርካሪዎች በአንድ አደባባይ መግቢያ ላይ በተጋጩ ጊዜ፣ የመብራታቸው ስብርባሪ ገና ከአስፋልቱ ላይ ሳይጠረግ፣ ሁለቱ ሾፌሮች ከየመኪናቸው ወርደው፣ አንዱ «ቅድሚያ የእኔ ነበረ»፣ ሌላው «ፍሬቻ ሳታሳይ ገባህብኝ» እየተባባሉ ድምፃቸውን ከፍ በሚያደርጉበት ሰዓት፣ ከአላፊ አግዳሚው፣ ከሊስትሮውና ከሚኒባሱ ረዳት የተውጣጣ ሸንጎ ማንም ሳይጠራው ይሰበሰባል፤ ከዚህም ሸንጎ እኩሌታው ለአንደኛው፣ እኩሌታው ለሁለተኛው ይመሰክራል። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ እማኞች መካከል ግጭቱን ከመነሻው ያየው ማን እንደሆነ በጥሞና ቢመረመር፣ አብዛኛው የግጭቱን ድምፅ ሰምቶ ዘወር ያለ እንጂ ከድምፁ በፊት የሆነውን የተመለከተ ሆኖ አይገኝም፤ ጥፋቱ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ግን ከድምፁ በፊት ባለፉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው።

ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ፕላን ሲያነሣ የመንገዱን ስፋት በሜትር ይለካል፤ መኪኖቹ የቆሙበትን ቦታ ያሰምራል፤ የጎማ ምልክት ካለ ርዝመቱን ይጽፋል፤ የተጎዳውን ፓራፋንጎና ፓራውልት ይመዘግባል። ሥራው ምስጋና የሚገባው ነው፤ በተፈጥሮው ግን ነገሩ ካለቀ በኋላ የቀረውን ቅሪት የሚገልጽ እንጂ፣ ነገሩ በመሆን ላይ ሳለ የነበረውን እንቅስቃሴ የሚያሳይ አይደለም። ከዚህም በላይ፣ ከዛሬዎቹ መኪኖች ብዙዎቹ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ፍሬን የተገጠመላቸው በመሆናቸው፣ ቀድሞ መርማሪ ሁሉ ይተማመንበት የነበረው ጥቁር የጎማ መስመር ከአስፋልት ላይ እየጠፋ ሄዷል።

አባቶቻችን ምስክር የጠፋበት ነገር ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ጠንቅቀው ያውቁ ነበርና፣ ሌባው ወይም ነፍሰ ገዳዩ ያልታወቀ እንደሆነ፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ ለአውጫጭኝ፣ በሌላ አጠራሩም ለአፈርሳታ፣ በአንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ያየውንና የሰማውን እስኪያወጣ ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይደረግ ነበር። ከዚያም እጅግ አስቀድሞ የሙሴ ሕግ አንድ ነገር የሚጸናው በሁለት ወይም በሦስት ምስክሮች ቃል እንዲሆን አዝዟል፤ ሆኖም በሶስና ላይ የመሰከሩት ረበናት ሁለት ሆነው ሳለ፣ ዳንኤል ለየብቻቸው አቁሞ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩዋት በጠየቃቸው ጊዜ ስምዐ ሐሰታቸው ተገለጠ። በመኪና አደጋ ላይ ግን ከሐሰተኛው ምስክር ይልቅ ፈራጁን የሚያስቸግረው የቅን ሰው ስሕተት ነው፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ 17 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ዓይን የጀመረውን ሳይጨርስ ነገሩ ያልቃል፤ ኅሊናም ዓይን ያላየውን ክፍል በግምት እየሞላ፣ የሞላውንም እንዳየው አድርጎ ያምናል፤ እንዲህ ያለውን ምስክር በመሐላ ማስፈራራት ምንም አይጠቅምም፤ እርሱ እውነቱን የተናገረ ይመስለዋልና።

ሕጉ ራሱ ይህን ድካም አውቆ ይቀበለዋል። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ አርቅቆት በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚናገርበት ክፍል፣ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ከደነገገ በኋላ፣ በቁጥር 2084 ደግሞ ሁለት ተሽከርካሪዎች በተጋጩ ጊዜ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገምታል፤ ከጠቅላላውም ጉዳት እያንዳንዱ ወገን እኩሌታውን እንዲሸከም ያዝዛል። ይህ ግምት የሚፈርሰው፣ አደጋው በሙሉ ወይም በይበልጥ የደረሰው በአንደኛው ነጂ ጥፋት ምክንያት መሆኑ በማስረጃ የተረጋገጠ እንደሆነ ብቻ ነው።

ድንጋጌው ሲነበብ የዋህ ይመስላል፤ በገንዘብ ሲተረጐም ግን ያስደነግጣል። አንድ ሰው አሮጌ መኪናውን በሥርዓት እየነዳ ሳለ፣ ውድ የሆነ አዲስ መኪና ቅድሚያውን ነጥቆ ገባበት እንበል፤ የአሮጌው መኪና ጉዳት 30 ሺህ ብር፣ የአዲሱ ጉዳት 400 ሺህ ብር ቢሆን፣ ድምሩ 430 ሺህ፣ እኩሌታውም 215 ሺህ ይሆናል፤ ስለዚህ ያ ምንም ያላጠፋ ሰው፣ አለማጥፋቱን የሚያስረዳለት ምስክር ካጣ፣ የራሱን 30 ሺህ ተሸክሞ፣ ለገጨው ሰው 185 ሺህ ብር ሊጨምርለት ነው። ለእኔ ይህ ሕግ ክፉ ሕግ አይደለም፤ እውነቱ ባልታወቀበት ስፍራ ፈራጅ ከሚያደላ ይልቅ ቢያካፍል ይሻላል። ነገር ግን ማካፈሉ የፍትሕ ምልዓት ሳይሆን የማስረጃ እጦት ውጤት መሆኑን መካድ አይገባም፤ ማስረጃ የያዘ ሰውም ከግማሹ ዕዳ የመውጣት መብቱ በዚያው ቁጥር ውስጥ ተጽፎለታል።

ዳሽካም የሚባለው የመኪና ካሜራ ዋጋው የሚታወቀው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው ከፊት መስታወቱ በስተጀርባ፣ ከኋላ ማሳያው መስተዋት አጠገብ የሚለጠፍ ትንሽ ካሜራ ሲሆን፣ ሞተሩ ሲነሣ አብሮ ይነሣል፤ ማንም ሳያዝዘውም መንገዱን ይቀርጻል፤ ከቻይና ከሚመጡት አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖችም አንዳንዶቹ ከፋብሪካው ተገጥሞላቸው ይመጣሉ። ከሌሎች አገሮች ሁሉ ቀድሞ ስሙን በዓለም ያስጠራው የሩስያ ሾፌር ነው፤ ሆነ ብለው መኪና ላይ የሚወድቁ አጭበርባሪዎችና ጉቦ የለመዱ ፖሊሶች ስላስመረሩት፣ ካሜራ ሳይለጥፍ ከቤቱ የማይወጣ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2013 ከሰማይ የወረደው በራሪ አለት በቼልያቢንስክ ከተማ ላይ በፈነዳ ጊዜ፣ ሊቃውንቱ የመጣበትን አቅጣጫ ለማስላት የረዳቸው፣ እርስ በርስ ባለመተማመን ምክንያት በየመኪናው የተሰቀለው የካሜራ ብዛት መሆኑን ሳስብ፣ የሰው ክፋት አንዳንድ ጊዜ ለሥነ ፈለክ እንኳ እንደሚያገለግል ይገርመኛል።

በፍርድ ቤት በኩል ከተሰጡት ውሳኔዎች ሁሉ ለእኛ አንባቢ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የጀርመን ነው። በማግደቡርግ ከተማ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን በተሠመሩ ሁለት ወደ ግራ መታጠፊያ መሥመሮች ላይ አብረው ሲታጠፉ በጎናቸው ተነካኩ፤ እያንዳንዱም ነጂ መሥመሩን የለቀቀው ሌላው እንደሆነ ተናገረ። ፍርድ ቤቱ የሾመው ባለሙያ መርምሮ፣ ከቴክኒክ አንጻር የሁለቱም ቃል ሊሆን የሚችል መሆኑን አስታወቀ፤ የመጀመሪያውም ፍርድ ቤት ለከሳሹ የጉዳቱን እኩሌታ ብቻ ፈረደለት። በከሳሹ መኪና ውስጥ ነገሩን ሁሉ የቀረጸ ካሜራ ነበረ፤ የመጀመሪያውም ሆነ የይግባኙ ፍርድ ቤት ግን፣ ያለ ማቋረጥ የሰውን መንገድ መቅረጽ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግን የሚጥስ በመሆኑ፣ ምስሉን አንመለከትም አሉ። ነገሩ በካርልስሩኸ ከተማ ወደሚገኘው የፌዴራሉ ከፍተኛ የፍትሕ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 2018 የተሰጠው ፍርድ ሁለት ፊት ያለው ነው፤ በአንድ በኩል፣ መሣሪያው ለአጭር ጊዜ እየቀረጸ፣ እየደመሰሰ፣ አደጋ ሲደርስ ብቻ እንዲያስቀር ተደርጎ ሊሠራ ሲችል፣ ምክንያት ሳይኖር ያለ ማቋረጥ መቅረጽ ከሕግ ውጭ መሆኑን አጸና፤ በሌላ በኩል ግን፣ ሕግ ተጥሶ የተገኘ ማስረጃ ሁሉ በዚያ ምክንያት ብቻ ውድቅ እንደማይሆን፣ በአደባባይ መንገድ ላይ የሆነውን ነገር ማንም አላፊ ሊያየው ይችል እንደነበረ፣ ግጭትም በቅጽበተ ዓይን የሚያልቅ በመሆኑ ተጎጂው ማስረጃ በማጣት የሚጨነቅ መሆኑን መዝኖ፣ ምስሉ ይታይ ሲል መዝገቡን መለሰው።

ግማሽ ጥፋት በማግደቡርግ የተፈረደው ጀርመኖቹ ከእኛ ሕግ ቀድተው አይደለም፤ እውነቱ በማይታይበት ስፍራ ሁሉ የፈራጅ ሚዛን ወደ እኩሌታ የሚያዘነብል በመሆኑ ነው እንጂ።

በእኛ አገር መንገድ ላይ የካሜራው ጥቅም ጎልቶ የሚታይባቸው አጋጣሚዎች ብዙ ናቸው፤ ከሁሉ ይልቅ ግን የዳገቱን ነገር እዚህ ማንሣት እወዳለሁ። ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ከፊትህ የቆመው የጭነት መኪና ፍሬኑ ለቆት ወይም ነጂው ፍሪሲዮን ሲለቅ ተዘናግቶ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ቢገጭህ፣ የአንተ የፊት ፓራውልት ይሰበራል፣ የእርሱ የኋላ ብረት ይጫጫራል፤ ይህ ጉዳት አንተ ርቀትህን ሳትጠብቅ ከኋላ ብትገጨው ኖሮ ከሚደርሰው ጉዳት በምንም አይለይም። ከኋላ የገጨ ሰው ርቀቱን አልጠበቀም መባሉ በሁሉም ዘንድ የተለመደ ስለሆነ፣ ፕላኑም፣ የተሰበረው ላሜራም፣ ዘግይቶ የደረሰውም ምስክር በአንድ ቃል ይፈርዱብሃል፤ ከፊት መስታወትህ ላይ የተለጠፈው ካሜራ ብቻ አንተ ቆመህ ሳለ የጭነት መኪናው ጀርባ እየጎላ፣ እየቀረበ መምጣቱን ያሳያል።

ሰው ሲሞት ደግሞ ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፤ ነጂው ግልጽ የሆነ ደንብ ጥሶ የገደለ እንደሆነ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ይደርሳል። እግረኛው በድንገት ከቆመ አውቶቡስ ፊት ሮጦ ወጥቶ እንደሆነ፣ ወይስ ከሩቅ እየታየ ሲሻገር ነጂው ስልኩን ይመለከት እንደነበረ፣ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሰው የወጣትነት ዘመን ነው። ሰው አደጋን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ አንድ ሰከንድ፣ አንዳንድ ጊዜም አንድ ተኩል ሰከንድ ያህል እንደሚያስፈልገው ስለሚታወቅ፣ እግረኛው ለነጂው የታየው ከመገጨቱ ስንት ሰከንድ በፊት እንደሆነ ማወቅ የክርክሩ ሁሉ ልብ ይሆናል፤ ይህንንም ከተቀረጸ ምስል በቀር ማንም በእርግጥ ሊናገር አይችልም።

ምስሉ እንዴት እንደሚነበብ ጥቂት ልግለጽ። ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰከንድ 30 ፎቶግራፎችን ያነሣል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዱ ፎቶግራፍና በሚቀጥለው መካከል 55 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራመዳል ማለት ነው። ባለሙያው አደጋው ወደ ደረሰበት ቦታ ሄዶ የሁለት መብራት ምሰሶዎችን ወይም በአስፋልቱ ላይ የተቀቡትን ነጭ መሥመሮች ርቀት ይለካል፤ ከዚያም መኪናው ይህን ርቀት ለመሄድ ስንት ፎቶግራፍ እንደፈጀ ቆጥሮ ፍጥነቱን ያሰላል። ስለዚህ ካሜራው ሳተላይት የሚያነብ የፍጥነት መለኪያ ባይኖረው እንኳ፣ ፍጥነት ከምስሉ ውስጥ ተሰውሮ አይቀርም፤ የሌላውም ፍጥነት፣ የባለቤቱም ጭምር።

ይሁን እንጂ ካሜራውን እንደማይሳሳት መልአክ የሚቆጥሩት ሰዎች ሊታረሙ ይገባል። መንገዱን በስፋት እንዲያይ ተብሎ የተሠራው ሌንስ፣ ነገርን ሁሉ ከእውነተኛ ርቀቱ አርቆና አሳንሶ ያሳያል፤ ከፊት የሚመጣው መኪና ለረጅም ጊዜ ሩቅ መስሎ ይቆይና በመጨረሻው ቅጽበት ዘልሎ የመጣ ይመስላል፤ ይህን የማያውቅ ፈራጅ ነጂውን ያለ አግባብ ሊያጸድቀው ወይም ሊኰንነው ይችላል። የትራፊክ መብራትም ሌላ ወጥመድ አለው፤ በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ የሚሠሩ አንዳንድ የኤልኢዲ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚብለጨለጩ፣ ለሰው ዓይን ያለ ማቋረጥ የሚበራው ቀይ መብራት በካሜራው ምስል ላይ ለጥቂት ጊዜ ጠፍቶ ሊታይ ይችላል፤ «መብራቱ አልበራም ነበር» የሚል ተከራካሪም ከዚህ ውስጥ ሐሰተኛ ማስረጃ ያገኛል። ምስልን እያዘገዩ ማሳየትም የራሱ ዳፋ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት እንዳስረዳው፣ የተመዘገበን ድርጊት በዝግታ የተመለከቱ ሰዎች አድራጊው ሆነ ብሎ አስቦ ያደረገው አድርገው የመገመት ዝንባሌያቸው ይጨምራል። በዝግታ ሲታይ ለማሰብ ሰፊ ጊዜ የነበረው ይመስላላ! ስለዚህ ፈራጅ ምስሉን አስቀድሞ በእውነተኛ ፍጥነቱ ቢመለከት፣ ማዘግየቱንም ለባለሙያው ልኬት ቢተወው ርትዕ ይመስለኛል።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ በተለይ የእኛ ችግር ነው። የካሜራው ሰዓት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተሩብን 09:15 ብሎ ሲጽፍ፣ ፖሊሱ በመዝገቡ ላይ 3:15 ይላል፤ ዓመተ ምሕረቱም በሰባት ወይም በስምንት ይራራቃል፤ በዚህ ላይ ካሜራው ከተገዛ ጀምሮ ማንም ሰዓቱን ሳያስተካክለው ቀርቶ በሌላ ዓመት የተነሣ የሚመስል ምስል ይዞ ቢቀርብ፣ የተቃራኒው ወገን ጠበቃ «ይህ የሌላ ቀን ጉዞ ነው» ለማለት ሰፊ በር ተከፈተለት ማለት ነው። ይህን ለማስተካከል የሚፈጀው ጊዜ አንድ ስኒ ቡና ከሚጠጣበት ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ ይህን ያህል ቸል ማለት የሚያስቆጭ ነው።

ካሜራው በባለቤቱም ላይ እንደሚመሰክር ከተናገርሁ ዘንድ፣ ይህ ነገር ከማንም ይልቅ የሚነካቸውን ወገኖች ላንሣ። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ታክሲና ኡበር እየነዱ ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩ ብዙዎች ናቸው፤ የሚነዱበት ምድር ሕግ ግን ከእኛው ግማሽ ጥፋት እጅግ የከበደ ነው። በእነዚህ ሦስት ግዛቶች፣ እንዲሁም በአላባማና በሰሜን ካሮላይና፣ ካሳ የሚጠይቀው ሰው ራሱ ለአደጋው በጥቂቱ እንኳ፣ ከመቶ እጅ አንዱን ያህል እንኳ፣ አስተዋፅኦ ያደረገ እንደሆነ ምንም አይከፈለውም። የሕጉ ሥር የሚሄደው እ.ኤ.አ. እስከ 1809 ድረስ ነው፤ በእንግሊዝ አገር በደርቢ ከተማ አንድ ሰው ሊመሽ ሲል ከመጠጥ ቤት ወጥቶ ፈረሱን እየጋለበ ሲሄድ፣ ቤቱን የሚያድስ ሌላ ሰው በመንገዱ ላይ ካጋደመው እንጨት ጋር ተጋጭቶ ወደቀ፤ ፍርድ ቤቱም ቀስ ብለህ ብትሄድ ታየው ነበር ብሎ ባዶ እጁን ሰደደው። እንግሊዞች ይህን ሕግ ከተዉት ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2013 እንዲለውጠው ተጠይቆ፣ መለወጥ ያለበት ሕግ አውጪው ነው በማለት ባለበት አጽንቶታል፤ የዋሽንግተን ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2016 ያቃለለው ለእግረኞችና ለብስክሌት ነጂዎች ነው እንጂ ለመኪና ነጂዎች አይደለም።

በእንዲህ ያለው አገር ካሜራ የያዘ ሰው ሁለት ስለት ያለው ሰይፍ ይዟል። ሌላው በቀይ መብራት መግባቱን የሚያሳየው ምስል፣ እርሱ ከተፈቀደው ፍጥነት ጥቂት ማለፉንም ያሳያል፤ ኢንሹራንሱም ይህችን ጥቂት ይዞ ካሳውን ሁሉ ለመከልከል ይሞክራል። «እንግዲያውስ ምስሉን ባጠፋውስ?» የሚል ሐሳብ ለሚመጣበት ሰው መልሱ አጭር ነው፤ ክስ እንደሚመጣ እያወቀ ማስረጃ ያጠፋን ሰው የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ይቀጡታል፤ የጠፋው ምስል እርሱን የሚጎዳ እንደነበረ አድርጎ ዳኛው ወይም ሸንጎው እንዲገምት ሊፈቀድም ይችላል። ድምፅ ስለ መቅረጽም ሕጉ በድንበር ይለያያል፤ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ከተናጋሪዎቹ አንዱ ከፈቀደ ይበቃል፤ በሜሪላንድ ግን የሁሉም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በአንድ ጉዞ ድልድይ ተሻግሮ ሁለት ሕግ የሚያቋርጥ የታክሲ ነጂ ድምፁን ዘግቶ ምስሉን ብቻ ቢቀርጽ፣ ወይም ለተሳፋሪው በሚታይ ጽሑፍ ቢያስታውቅ ከጣጣ ይድናል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ስለ ማስረጃ ብቻ የሚናገር አንድ የተጠቃለለ ሕግ ባይኖራትም፣ ስለ ኤሌክትሮኒክ ግብይት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መረጃ በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለተገኘ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ መንገድ ከፍቷል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መልክና ታርጋ በዘፈቀደ መበተን ተጠያቂነት ሊያስከትል እንደሚችል ያስታውሰናል። በእኔ አስተያየት የአደጋን ምስል ለፖሊስ፣ ለኢንሹራንስና ለፍርድ ቤት ማቅረብ አንድ ነገር ነው፤ ደሙ የሚፈሰውን ሰው ምስል ለቲክቶክ ተመልካች ማቅረብ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ይህኛው ለፍትሕ የሚጨምረው ነገር ሳይኖር የሟችን ቤተሰብ ሁለተኛ ጊዜ የሚያስለቅስ ነውር ነው።

አሁን የቀረኝ ስለ አጠባበቁ መናገር ነው፤ ብዙ ሰው ማስረጃውን የሚያጣው ካሜራ ስላልነበረው ሳይሆን ስላልጠበቀው ነውና። የካሜራው ካርድ ሲሞላ አዲሱ ምስል በአሮጌው ላይ እየተጻፈ ይሄዳል፤ አንድ ደቂቃ ጥርት ያለ ምስል 100 ሜጋባይት ያህል ቢወስድ፣ 64 ጊጋባይት ያለው ካርድ የሚይዘው ከአሥር ሰዓት ብዙም ያልበለጠ ጉዞ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ባለ ታክሲ የዛሬውን አደጋ ነገ ማታ ቢፈልገው አያገኘውም። በውስጡ ያለው መንቀጥቀጥ የሚለይ መሣሪያ ግጭት ሲሰማው ያን ቁራጭ ምስል እንዳይደመሰስ ይቆልፈዋል፤ ነገር ግን መሣሪያው ግጭትንና የመንገድ ጉድጓድን ለይቶ አያውቅምና፣ ስሜቱ ከፍ ብሎ የተስተካከለ እንደሆነ፣ በከተማችን ጉድጓዶች ላይ በነጠረ ቁጥር እየቆለፈ ካርዱን ሞልቶ፣ እውነተኛው አደጋ ሲመጣ መቅጃ ቦታ ያጣል። ስለዚህ ስሜቱን ዝቅ ማድረግ፣ ካርዱንም በየጊዜው አውጥቶ መቅረጹን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ርካሽ ካርድ በፀሐይ ሙቀትና በማያቋርጥ ጽሕፈት ብዛት ያለ ማስጠንቀቂያ ይበላሻል።

አደጋ የደረሰ እንደሆነ፣ አንባቢዬ፣ ከሁሉ አስቀድመህ የተጎዳውን ሰው እርዳ፤ ከዚያም ፖሊስ ጥራ፤ ከዚያም ካሜራውን አጥፍተህ ካርዱን ከውስጡ አውጣ፤ መኪናህን ወደ ጋራዥ ስትወስድ ካሜራው ቢቀርጽ በገዛ ማስረጃህ ላይ እየጻፍህበት ነውና። ምስሉን አትቍረጥ፣ አታሳጥር፣ ጽሑፍም አትጨምርበት፤ ከግጭቱ በፊት ያሉትን ደቂቃዎች ሁሉ እንዳሉ ተው፤ የተቆረጠ ምስል የተቆረጠበትን ምክንያት ያስጠይቃልና። በቴሌግራም እንደ ተራ ቪዲዮ ብትልከው መተግበሪያው ጨቍኖ ያሳንሰዋል፤ ታርጋ የሚነበብበትን ጥራት ያሳጣዋል፤ ከፋይሉ ጋር የነበረውን የጊዜ መረጃም ሊያጠፋው ይችላል፤ መላክ ካስፈለገ እንደ ፋይል አድርገህ ላከው፤ ለፖሊስና ለኢንሹራንስም ቅጂውን በፊርማ አስረክብ። ዋናውን ካርድ ግን ሌላ ካርድ ገዝተህ በመተካት ከመሳቢያህ ውስጥ አስቀምጠው፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 መሠረት የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ስለሆነ፣ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ክሱም ከተጀመረ ፍርዱ እስኪጸና ድረስ፣ ያን ካርድ ለሌላ ሥራ አታውለው።